ሲስተሙ የት ሄደ?



አንድ ሽማግሌ የመሬት ግብር ሊከፍሉ ከገጠር ተነሥተው ቢቸና ይገባሉ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ልጅ «አባባ፣ ሲስተም የለም፤ በሳምንቱ ይምጡ» ይላቸዋል። በሳምንቱ ይመጣሉ፤ ሲስተም የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለሱም ያው ነው። ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ልጁን ትክ ብለው አዩትና «ልጄ፣ ይህ ሲስተም የምትሉት ሰውዬ እንዴት ነው እንዲህ ከሥራ የሚቀር? ምክትልስ የለውም?» አሉት ይባላል።

ቀልድ ነው። ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። ባለጉዳዩ በመስኮቱ በዚህኛው ወገን ሆኖ «ሲስተም የለም» ሲባል የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬም ባዶ እጁን መመለሱን። በዚያኛው ወገን፣ ከጓዳው ክፍል፣ አቧራ የጠገበ ሰርቨር አጠገብ የተቀመጠው ባለሙያ ግን ሲስተሙ ወዴት እንደሄደ ያውቃል፤ ካላወቀም እስኪያውቅ አይተኛም። አንዳንዴ ከመብራቱ ጋር ሄዷል። አንዳንዴ አንዲት ፍላሽ ይዛው ሄዳለች። ሌላ ጊዜ ጥቅምት 30 ላይ ወድቆ ተገኝቷል፤ ወይም አንድ ጸሐፊ በ«ፀ» የጻፈውን ሌላው በ«ጸ» ፈልጎ አጥቶታል። የፕሮግራመሮችና የሲስተም አስተዳዳሪዎች ምሬትም ሳቅም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እነሱ ያዩትን ውጭ ያለው ሰው አለማየቱ።

ከመብራቱ እንጀምር። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ የተባለው ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ የመጣ ሲሆን ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይሠራጭ ነበር። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ለመልስ ጥቂት ሰኮንድ ይሰጣል፣ ከዚያ «በጣም ጥሩ» ብሎ ይቀጥላል፤ የመለሰ ይኑር አይኑር ግድ የለውም። መብራት ከሄደማ ጨርሶ አይጠብቅም። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ መብራቱ ሲመለስ ሰውየው የሒሳቡን ስሌት ጨርሶ የቤት ሥራ እየሰጠ ይገኛል። በዚያ ክፍል ውስጥ የተማሩት ልጆች ዛሬ ሠላሳዎቹን ያጋመሱ ጎልማሶች ናቸው፤ ከመካከላቸውም ኮድ የሚጽፉ፣ ሰርቨር የሚጠብቁ ወጥተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ሥራውን ለማስቀመጥ በየሁለት መስመሩ ኮንትሮልና ኤስን ሲጫን ቢታይ አመል ሆኖበት እንጂ ጅል ሆኖ አይደለም።

መብራት የሄደ ጊዜ የሚያድን ዩፒኤስ የሚባል ሣጥን አለ። በብዙ ቢሮ ግን የሣጥኑ ባትሪ ከሞተ ሰንብቷል፤ የቀረው ጩኸቱ ነው። ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ከዚያ ሁሉም ድርግም ይላል። የጎጃም ክረምት ደግሞ ከመብረቁ ጋር ነው፤ ነጎድጓድ ሲያስገመግም የኔትወርክ ገመድ ለመንቀል የሚሮጥ ሰው ከታየ እሱ የአይሲቲ ባለሙያው ነው። በ1990ዎቹ ወረዳዎችን በሳተላይት ለማገናኘት የተዘረጋው ወረዳ ኔት ዲሾቹን በየቅጥሩ ሲያስተክል ሰማይን ታምኖ ነበር፤ ከባድ ዝናብ ሲወርድ የሳተላይት ምልክት እንደሚደክም ግን ማንም የሙያው ሰው ያውቀዋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይከፈታል። የዓመቱ ከባድ ሥራና የዓመቱ ከባድ ዝናብ በአንድ ሳምንት ይገናኛሉ ማለት ነው። ቴድ ኬካቶስ የተባለ አሜሪካዊ የሲስተም አስተዳዳሪ በ2000 እ.ኤ.አ. የሙያ ባልደረቦቹ የሚመሰገኑበት ቀን ይኑር ብሎ የጁላይን የመጨረሻ ዓርብ ሲመርጥ ይህን አላሰበም፤ ቀኑ ግን በእኛ ከሐምሌ 18 እስከ 24 ካሉት ዓርቦች በአንዱ ይውላል። በዚያን ጊዜ የወረዳውን ባለሙያ ለማመስገን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የትኛው ጠረጴዛ ሥር እንደገባ ይፈልገው።

ጠረጴዛ ሥር የሚያስገባው ምንድን ነው? ሁሉም ነገር። በቅጥር ደብዳቤው ላይ ኔትወርክ፣ ሰርቨር፣ የመረጃ ደኅንነት ይላል። በተግባር ግን የኃላፊው ቴሌቪዥን፣ የሒሳብ ሹሟ ሞባይል፣ የፌስቡክ ፓስወርድ፣ ወረቀት የነከሰ ፕሪንተር ነው። ጥሪውም አንድ ዓይነት ዜማ አለው።

«ወንድሜ፣ ና እስቲ ቶሎ፤ ሪፖርቱ ጠፋብኝ።»

«ምን አደረግሽው እታለም?»

«እኔ ምንም አልነካሁም! ፍላሹን ብቻ ሰክቼ ነቀልሁት።»

«ምንም አልነካሁም» የሚለውን ቃል የዓለም ሲስተም አስተዳዳሪዎች ሁሉ በየቋንቋቸው ያውቁታል፤ ምርመራው የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ፍላሹ ሲከፈት የእታለም ፎልደሮች ሁሉ ግርጌያቸው ላይ ትንሽ ቀስት አብቅለዋል። ይህ በየቢሮው «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለው ነው። ፋይሉን አያጠፋውም፤ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው አምሳያውን ያስቀምጣል። አምሳያው ሲከፈት ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ፍላሽ። ባለሙያው ጥቁሩን መስኮት ይከፍታል፣ አትሪብ የሚለውን ትእዛዝ ከነቅጥያዎቹ በቃሉ ይጽፋል፣ የተደበቀው ሪፖርት ብቅ ይላል። «ዕድሜ ይስጥህ!» ምርቃቱን ይቀበላል። ፍላሹን ግን ነገ በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደሚያገኘው ስለሚያውቅ ደስታው ሙሉ አይሆንም።

ፍላሽን መናቅ አይገባም። መስመር ሲጠፋ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት በፍላሽ ይጫንና ለመኪና ረዳት ይሰጣል። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና አድርጎ ሞጣን አልፎ ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ ሰውና ጤፍ ብቻ አላመላለሰም፤ ስንት ጊጋባይት ዳታ በረዳት ኪስ እንዳለፈበት ማን ቆጠረው? በሌላው ዓለም ያሉ የሙያው ሰዎች በዚህ ነገር ቀልደውበታል። በኤፕሪል 1 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ዌይትዝማን የተባለ መሐንዲስ የኢንተርኔት መልእክት በርግብ እግር ታስሮ እንዴት እንደሚላክ የሚያስረዳ ደንብ አወጣ፤ ጽሑፉ የእውነተኛ ደንብ መልክና ቁጥር ያለው ሆኖ የኤፕሪል ሞኝ ቀልድ ነበር። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ በኖርዌይዋ በርገን ከተማ ያሉ ሰዎች ቀልዱን ቁም ነገር አድርገው ሞከሩት። ዘጠኝ መልእክት ላኩ፤ መልስ የመጣው ለአራቱ ነው። ኔትወርክ የሚያስተዳድር ሰው ይህን ሲሰማ ስቆ ሲያበቃ «ከእኛ መስመር ይሻላል» ማለቱ የታወቀ ነው።

ደቡብ አፍሪካውያን ደግሞ በምር ተናደው አደረጉት። በሴፕቴምበር 9 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. አንድ የኢንተርኔቱ ዝግመት ያማረረው ድርጅት ዊንስተን የተባለች ርግብ እግር ላይ 4 ጊጋባይት የያዘች ሚሞሪ ካርድ አስሮ ወደ ደርባን አቅጣጫ 80 ኪሎ ሜትር ያህል አስበረራት፤ ያንኑ ዳታ በመስመርም መላክ ጀመረ። ርግቢቱ ከአንድ ሰዓት ጥቂት በለጥ ባለ ጊዜ ደረሰች። ካርዱ ተነቅሎ ዳታው ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ሲያበቃ በመስመር የሄደው ገና ከመቶ አራት እጅ ነበር።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስንመልሰው ጳጉሜን 4 ቀን 2001 ዓ.ም. ይሆናል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ባልተነሣ ነበር። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ 2 የተባለው ግዙፍ ማሽን ሲፈተሽ ሪሌይ በሚባለው መቀያየሪያው ውስጥ የእሳት ራት ተጣብቃ የተገኘችው፣ ሠራተኞቹም በፕላስተር መዝገቡ ላይ ለጥፈው «ባግ» (ነፍሳት፤ ዛሬ በሙያው የፕሮግራም ስሕተት መጠሪያ) መገኘቱን የጻፉት በሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 እ.ኤ.አ. ነው። መዝገቡ ከነራቷ ዛሬ በስሚትሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። ያ ዓመት በእኛ ስድስት የጳጉሜን ቀናት የነበሩት 1939 ዓ.ም. ነውና ዕለቱ ሲሰላ አሁንም ጳጉሜን 4 ይመጣል። የኮምፒውተር ታሪክ ዝነኛዋ ባግ የተያዘችው ኮምፒውተሮች መኖሩን እንኳ በማያውቁት ወር ውስጥ ነው ማለት ነው።

አለማወቃቸው ደግሞ ከባድ ጣጣ አለው። የወረዳውን የልደት መዝገብ ኤክሴል ላይ የምታስገባ አንዲት ሠራተኛ እናስብ። ኮምፒውተሩ ቀኑን ከወሩ አስቀድሞ እንዲያነብ ተስተካክሏል። መስከረም 12 የተወለደውን 12/1/2015 ብላ ትጽፋለች፤ ኤክሴል እሺ ብሎ ይቀበልና ቁጥሩን ወደ ቀኝ ያስጠጋዋል። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር ሁሉም ወደ ቀኝ ይሰለፋሉ። ጥቅምት 30 የተወለደችውን ሕፃን 30/2/2015 ብላ ስትጽፍ ግን ቁጥሩ ወደ ግራ ይሸሻል። ስሕተት የሚል መልእክት የለም፣ ቀይ መብራት የለም፤ ወደ ግራ መሸሽ ብቻ። ለማሽኑ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 የለውም። ስለዚህ የተጻፈውን ቀን መሆኑን ክዶ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ዓመቱ መጨረሻ ላይ የሕፃናቱ ዕድሜ ሲሰላ ያቺ ልጅ አትቆጠርም።

ጳጉሜን ላይ ሲደረስ ነገሩ ይብሳል። 5/13/2015 ለዚህ ኮምፒውተር ትርጉም የለውም፤ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ቢያንስ ይታያል። አጠገቡ ያለው ኮምፒውተር ግን ከፋብሪካ ሲመጣ እንደነበረ በአሜሪካ ልማድ ወሩን ከቀኑ አስቀድሞ የሚያነብ ከሆነ ያው ጽሑፍ ያለ አንዳች ተቃውሞ ሜይ 13 ሆኖ ወደ ቀኝ ይሰለፋል። የጳጉሜን ልጅ የግንቦት ልጅ ሆነ! የመጀመሪያው ዓይነት ስሕተት ያናድዳል፤ ሁለተኛው ግን ስለማይታይ ያስፈራል። የሙያው ሰዎች ከማይሠራ ፕሮግራም ይልቅ እየሠራ የሚሳሳት ፕሮግራምን የሚፈሩት ለዚህ ነው።

ይህን የገጠማቸው ፕሮግራመሮች ችግሩን ለመፍታት ብዙ ለፍተዋል። በጤናው ዘርፍ የሚሠራበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር መርጦ መሥራት ያስችላል፤ አንድ ሰው በየጊዜው ጣቱን እያጠፈ ሰባት ወይስ ስምንት እያለ ከመቁጠር ድኗል። በደመወዝ ሶፍትዌር ላይ ግን ሌላ ወግ አለ። አገሪቱን ለጎብኚዎች በዐሥራ ሦስት የፀሐይ ወራት ስናስተዋውቅ ኖረናል፤ ደመወዝ የሚከፈለው ግን በዐሥራ ሁለቱ ነው። ፕሮግራመሩ ለዐሥራ ሦስተኛው ወር ረድፍ ከፍቶ ዜሮ ይሙላበት ወይስ ከነሐሴ ጋር ይቀላቅለው? ረድፉን ከከፈተው ሠራተኛው ዜሮውን አይቶ ይበሳጫል። ካልከፈተው በጳጉሜን 2 የተቀጠረ ሰው መዝገብ አያገኝም።

ሰዓቱም አለ። በሌሊት መጠባበቂያ ቅጂ እንዲወስድ የሚታዘዝ ሰርቨር 2:00 ተብሎ ሲጻፍለት የሚገባው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ከውጭ ያለ ሻጭ ድርጅት «ከ2 እስከ 4 ጥገና አለን» ብሎ ቢጽፍና የደረሰው ሰው በአገሩ አነባበብ ቢያነበው ጥገናው የተያዘው ጠዋት 2 ሰዓት፣ የባንክ በር ተከፍቶ ሰው ተሰልፎ እያለ ነው። አንዳንድ ባለሙያ ሁለት ሰዓት ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ለጌጥ አይደለም።

ፊደሉን ደግሞ እንየው። አንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ ይሰጣል፤ የግዕዝ ፊደል ከነቤተሰቡ ከዚያ ይበልጣል። ለዓለም ፊደላት በአንድ ሠንጠረዥ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ እትሙ ነው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ የሶፍትዌር ሠሪ ፊደሉን በላቲኑ ቦታዎች ላይ በራሱ መላ ይደለድል፣ ያልበቃውንም ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ ፎንት ይከፍል ነበር። ከእነዚህ አንዱ በሆነው በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የቅንፍ ዝንቅንቅ ይሆናል። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በዚያው ዘመን ግዕዝን በላቲን ቁልፎች ለመወከል ሴራ የተባለውን ሥርዓት ያዘጋጁት አንዱ የጻፈውን ሌላው እንዲያነብ ነበር። ዩኒኮድ ከመጣ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ ሆኖም በየጽሕፈት አገልግሎቱ የቆየ የፖወር ግዕዝ ፋይል ይዞ የሚመጣ ሰው አሁንም አይጠፋም። ጸሐፊዋ ሳቅ ብላ ፎንቱን ትቀይርለታለች። ሰውየው ኮምፒውተሯ አስማት የሠራ ይመስለዋል።

ዩኒኮድ ያልፈታው ነገር አለ። ፀሐይ የምትባል ሴት ስሟ በኮምፒውተር ስንት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል? የመጀመሪያው ፊደል በ«ጸ» ወይም በ«ፀ»፤ ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፤ ሲባዛ ዐሥራ ሁለት። አባቷ ዓለሙ ከሆኑ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ተጨምሮ 48 ይደርሳል። ለጆሮ ሁሉም አንድ ሰው ናቸው። ለዳታቤዙ ግን 48 ሴቶች ናቸው፤ አንዷ የመድኃኒት ካርድ አላት፣ ሌሎቹ የላቸውም። ጠንቃቃ ፕሮግራመር ከመፈለጉ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የሚመልስ ጥቂት መስመር ኮድ ይጽፋል። ያልተጠነቀቀው «የለችም» የሚል መልስ ይሰጣል፤ ከመስኮቱ ማዶ ያለችውም ፀሐይ ቆማ ትሰማዋለች።

የቢቸና አካባቢ ሰው ከሌላው ይልቅ ይህን ቢያውቅ አይፈረድበትም። የምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች ስም ለዳታቤዝ የተፈጠረ አይደለም። ሁለት እጁ እነሴ፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ፣ እነብሴ ሳር ምድር፣ እናርጅ እናውጋ፣ ደባይ ጥላት ግን፣ ሸበል በረንታ። ታሪክና ዜማ የሞላባቸው ስሞች ናቸው፤ ግን ክፍት ቦታው የት ነው? «ሁለትእጁ» አንድ ላይ ነው ወይስ ተለያይቶ? «እጁ» ነው «እጅ»? ጥላት ግን ይነጠላል ወይስ ይያያዛል? ሞጣ በላቲን ሲጻፍ አንድ ሰነድ ላይ በአንድ ቲ፣ ሌላው ላይ በሁለት ነው። ቢቸናም በአማርኛው ራሱ አንዳንዱ ጋ «ብቸና» ትሆናለች። የጤናው ሠንጠረዥ፣ የትምህርቱ ሠንጠረዥና የግብርናው ሠንጠረዥ በወረዳ ስም ይገናኙ ሲባል ግማሹ አይገናኝም። ቪሉክአፕ የተባለው የኤክሴል ቀመር አንዲት ትርፍ ክፍት ቦታ ካየ የሚያውቀውን ወረዳ አላውቅም ይላል። አንድ የመረጃ ባለሙያ ሙሉ ቀን ሲያዛጋ ከታየ ሥራ ፈትቶ ሳይሆን ክፍት ቦታ ሲያጠፋ ውሎ ነው።

ከአገር የወጣው ወገናችን ደግሞ ትግሉ ከቅጹ ጋር ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይላል፤ የቤተሰብ ስም የለንም። የአባቱን ስም ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣለት ደብዳቤ ሁሉ አባቱን «ክቡር ሆይ» እያለ የሚጠራ ነው፤ ልጁ የእሱን ስም ሲይዝ ደግሞ በአንድ ቤት አባትና ልጅ፣ ባልና ሚስት በሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይመዘገባሉ። የትምህርት ቤቱ ሲስተም «ከልጁ ጋር ያለዎት ዝምድና?» ብሎ ቢጠራጠር አይገርምም። የልደት ቀኑን በትክክል የማያውቅ ስደተኛ ጃንዋሪ 1 ይሰጠዋል። በውጭ ባለው ማኅበረሰባችን ውስጥ በአንድ ቀን የሚወለደው ሰው ብዛት ይህን ለማያውቅ ተአምር ነው።

ማሽኑም የራሱ ጃንዋሪ 1 አለው። ዩኒክስና ከእሱ የወጡት ሥርዓቶች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለፈው ሰኮንድ ነው፤ በእኛ ለታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ቀን ሳይሞላ ባዶ የተተወ ቦታ ብዙ ጊዜ ዜሮ ተደርጎ ስለሚነበብ ይህ ዕለት በስክሪን ላይ ብቅ ይላል። በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፌስቡክ አንዳንድ ተጠቃሚዎቹን ለ46 ዓመት ጓደኝነታችሁ እንኳን ደስ አላችሁ ሲላቸው ከእነሱ መካከል 46 ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። ፕሮግራመሮች ምክንያቱን ለመገመት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ የዜሮውን ቀን አስታውሰው ሳቁ።

ስሕተት የሚያስቀው ቀላል ሲሆን ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሆነው ግን የሙያውን ሰው እንቅልፍ የሚነሣ ነበር። ዓርብ መጋቢት 6 ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተዳረሰ፤ ተማሪው በእኩለ ሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ በኋላ በሰጡት መግለጫ በዚያ ሌሊት ከ490,000 በላይ ግብይት መካሄዱን ተናገሩ። ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነና ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ። ያለ አግባብ ከወጣው 801 ሚሊዮን ብር ያህል በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ሦስት አራተኛው ተመለሰ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስም ደግሞ ባንኩ ይፋ አደረገ።

ተማሪው ላይ ብዙ ተባለ፤ ስለ ሌብነትና ስለ ሥነ ምግባር። ጓዳ ያሉት ባለሙያዎች ዜናውን ሲሰሙ ግን መጀመሪያ የጠየቁት ሌላ ነው፤ «ዓርብ ማታ?» በመላው ዓለም በሙያው ውስጥ ከተጻፉት ሕጎች በላይ የሚከበር ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ዓርብ ቀን ምንም አትልቀቅ። ዓርብ የተለቀቀ ባግ ቅዳሜና እሑድ ሰው በሌለበት ያድጋል። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ከዚያ በኋላ አራት ወር ቆይቶ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የተበላሸ ማሻሻያ ሲለቅ ማይክሮሶፍት እንዳለው 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቆሙ፤ በየአገሩ አውሮፕላኖች ከመሬት ሳይነሡ ቀሩ። መፍትሔው አንድ ፋይል ማጥፋት ነበር፤ ግን ማሽኑ ስለማይነሣ ለብዙዎቹ አንድ ሰው እያንዳንዱ ጋ ሄዶ በእጁ ማጥፋት ነበረበት። ያም ቀን ዓርብ ነበር።

ሌላው ምሬት ከአዲስ አበባ ይመጣል። ፕሮግራመሩ በአዲስ ላፕቶፕና በፈጣን መስመር የሞከረው ሶፍትዌር ወረዳ ሲደርስ አይከፈትም። ስልክ ሲደወልለት «እኔ ጋ ይሠራል» ይላል። ይህ መልስ በሙያው ዓለም ሁሉ የሚቀለድበት ነው፤ እዚህ ግን ከቀልድ ይከብዳል። ፕሮግራመሩ ጋ ያለው ኢንተርኔት ወረዳው ጋ የለማ! በ2009 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ሲቋረጥ፣ በ2015 ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ በደመና (ክላውድ) ላይ የተሠራ ሥርዓት ሁሉ ደመና ሆኖ ቀርቷል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለውን የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ሳይጠይቅ ኮድ ጽፎ የማያውቅ ወጣት ፕሮግራመርም ምን ያህሉን በራሱ እንደሚያውቅ ያን ጊዜ ሳይወድ ተፈትኗል። ኢንተርኔት ሳይኖር እንዲሠራና መስመሩ ሲመለስ እንዲያመሳስል አድርጎ መሥራት ይቻላል። ከባድ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ቢቸናን ሳያዩ ለቢቸና መሥራት ከዚህ የበለጠ ያስወጣል።

የሚቀረው አንድ ቀጠሮ ነው። ዩኒክስ የሰኮንዱን ቁጥር በብዙ የቆዩ ማሽኖች ውስጥ የሚይዘው በ32 ቢት ነው፤ ትልቁ ሊይዝ የሚችለው ቁጥርም 2,147,483,647 ነው። ይህ የሚሞላው በጃንዋሪ 19 ቀን 2038 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ እኛ ሲመለስ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ይሆናል፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰኮንድ። የጥምቀት ዕለት፣ ታቦታቱ በየባሕረ ጥምቀቱ አድረው ሕዝቡ ጸበል ሊረጭ ሲጠብቅ። ቀጣዩን ሰኮንድ መያዝ ያቃተው ማሽን ወደ ኋላ ተገልብጦ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ላይ ያርፋል፤ ከዐድዋ ድል ስድስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ምኒልክ በዙፋን ሳሉ። የሊኑክስ ሠሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው 5.6 እትም ለ32 ቢት ማሽኖችም መውጫ አበጅተዋል፤ ነገር ግን ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ፣ ማንም የማያድሰው አሮጌ ዕቃ የትም አለ።

የዚያን ዕለት ፈቃድ የሚፈልግ የወረዳ አይሲቲ ባለሙያ ካለ ማመልከቻውን ከአሁኑ ቢያስገባ ይሻላል። ቅጹ ላይ ቀኑን 11/5/2030 ብሎ ብቻ እንዳይጽፍ። ኮምፒውተሩ ሜይ 11 ብሎ አንብቦት ፈቃዱን ለግንቦት 3 ቀን 2022 ዓ.ም. ያጸድቅለታል።